የወንፈል ብድር ላለባቸው የጫካ ጀግና

ለክቡር አቶ ሰራዊት
«ጫካው ሲያገሳ» ለተሰኘው ፊልም ደራሲ፣ ዳይሬክተርና መሪ ተዋናይ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ከዚያ አስፈሪ ጫካ በሕይወት ወጥተው አዲስ አበባ መግባትዎን ስሰማ እኔ የባምባሲው ገበሬ አንለይ ፈጣሪን ከልብ አመስግኛለሁ። ጫካው ከጓሮዬ ጀርባ ስለሆነ አደጋውን አውቀዋለሁና።

በሰኔ የቀረጹትን ፊልም በነሐሴ ለእይታ ማብቃትዎ የሚደነቅ ነው፤ እኛ ማሽላ እንኳ ከዚያ በላይ እንጠብቃለን። ከባለቤቴ ከአገኘሁሽና ከጎረቤቴ ከጣሀ ጋር አሶሳ ድረስ ሄደን አይተነዋል። ላገኘነው ደስታ እያመሰገንኩ ጥቂት ቅሬታ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ሰው በላው አንበሳ የጣሀ ውሻ መሆኑን በጅራቱ ለይተነዋል። አንገቱ ላይ ያሰሩለት የበግ ቆዳ አምሮበታል፤ ጦር ሰብቀው ሲመጡበት ግን ጅራቱን እየቆላ እጅዎን መላሱ ለአንበሳነቱ አይመጥንም።

፪. ሰው ረግጦት በማያውቀው ጫካ ውስጥ የውሃ ጥም ሊገድልዎ ሲል ከኋላዎ ባጃጅ አልፏል። እጅዎን አንስተው ባለማስቆምዎ አዳራሹ በሙሉ አዝኖልዎታል።

፫. ጫካው ሦስት የሙዝ ግንድና አንድ አረንጓዴ መጋረጃ ሆኖ የቀረው በእኛ ጥፋት ነው ማለትዎን ሰምቻለሁ። እርስዎ ዶማና ገጀራ የያዙ ሰዎች በብዛት እንድጠራልዎ ሲያዝዙኝ፣ ሽፍታ ሆነው እንዲያሳድዱዎት መሆኑን አልነገሩኝም። በእኛ ዘንድ ሰው ዶማ ይዞ የሚጠራው ለወንፈል ነው፤ ዛሬ የሠራልኝን ነገ በማሳው ተገኝቼ እመልስለታለሁ። እኔም በስሜ ጠራሁ፤ ሰውም መጣ። እርስዎ ለምሳ ከተማ ገብተው ሲቆዩ፣ ወንፈል ወጥቶ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ነውና፣ ጫካዎን እየዘፈነ መነጠረው። ሲመለሱ የጠበቀዎት ለዘር የተዘጋጀ ማሳ ነበር። ማሳ ተመንጥሮለት ያን ያህል የተቆጣ ሰው ሳይ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

፬. ይኸኛው ቀልድ የለበትም። እርስዎ መኪናዎን አስነሥተው ሲሄዱ ብድሩ በጠራሁት በእኔ ላይ ቀረ። ክረምቱን ሙሉ ከማሳ ማሳ እየዞርኩ የሰው ማሽላ ሳርም የራሴን አረም ዋጠው። ውሻውን አንበሳ ያደረጉለት ጣሀ እንኳ አልማረኝም። ብድሩን ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ለራሱ ወንፈል ቢጠራ ማንም አይመጣለትም። አገኘሁሽ ብቻዋን ጎንበስ ብላ ከአረሙ ጋር ስትታገል ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል፤ የዓመት ቀለባችን ያው ማሽላው ነውና።

ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ተራራ የሚያህል ደን ሲጥስ ያየነውን ያንን ብርቱ ክንድዎን ይዘው መጥተው ብድርዎን እንዲመልሱ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ገጀራዎ የእንጨት መሆኑን ስላየሁ ዶማውን እኔ አቀርባለሁ።

ከጉልበቱ በላይ በአረም ውስጥ ቆሞ መምጣትዎን በናፍቆት የሚጠባበቅ፣
ታዛዥዎና አድናቂዎ አንለይ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ክፍል ሁለትን ሊሠሩ ማሰብዎን ሰምተናል። እባክዎ ለመጋረጃ አይቸገሩ፤ ማሳዬ እውነተኛ ጫካ ሆኖልዎታል፤ አገኘሁሽ ከውስጡ ስትጣራ ድምጿን እሰማለሁ እንጂ ራሷን አላያትም። ውሻውም ፈቃደኛ ነው። ሰው ጥራልኝ እንዳይሉኝ ብቻ፤ እኔ ብጠራ የሚመጣ የለም።