ንብ የሌለበት ቀፎ

የልጄ አባት አንዳርጌ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ሁለተኛው ገብስ ታጭዶ ገባ። ልጃችን ትርንጎ አድጋለች። አጥሩን ወንድምህ አደሰው። ያ ባዶ ቀፎህ ግን እንደ ተንጠለጠለ ነው፤ ማውረድ አልደፈርኩም።

ከብት ሲገባ ያጉረመርማል። ንቦቹ ከኮበለሉ ስንት ዘመናቸው! መጀመሪያ ንፋስ ነው ብዬ ነበር። ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን ሲያጉረመርም ግን ትርንጎ አባዬ መጣ ብላ ወደ በሩ ሮጠች።

ሰዓቱ ያንተ ነበራ። ከብቱን አስገብተህ ቀፎውን ልይ ትል ነበር። ባዶ ቀፎ ምኑ ይታያል ብዬ ስስቅብህ፣ አዲስ ንብ ይገባ ይሆናል ትለኛለህ። ሴት ቀፎ አትነካም፣ ንቡ ይሸሻል ሲባል ሰምቼ ስላደግሁ አንድ ቀን እንኳ እጄን አልሰደድኩም። ይህን አውቀህ ነው እዚያ የደበቅኸው፣ ተንኮለኛ!

አርባህ በወጣ ማግስት መሰላል አቁሜ እጄን ከተትሁ። የኪኒን ብልቃጦች ናቸው፤ ገሚሶቹ ጭራሽ አልተከፈቱም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት መሆኑን የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ነገረችኝ። እህል ልትሸጥ ደጀን እያደርክ በሽታውን አመጣህ፤ መድኃኒቱንም ሰው እንዳያይህ ከዚያው ታመጣ ኖሯል። ቤት እንግዳ ካለ ሳትውጥ ትቀር ኖሯል። ሐፍረት ገደለህ፣ አንዳርጌ። እኔም ሞኟ፣ ስንጋባ ተመርምረን ነጻ የተባልንበትን ወረቀት ዕድሜ ልክ የሚያገለግል መስሎኝ እንደ ክታብ ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ተመረመርኩ። እኔም ደሜ ውስጥ አለ። ትርንጎ ግን ነጻ ናት። በጣም ተናድጄብሃለሁ፤ በጣምም ናፍቀኸኛል።

ባለፈው እሑድ ከአማኑኤል በኩል ለጋብቻ ሽማግሌ ተልኮብኛል። ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ነው፤ ደግ ነው ይሉታል። እናቴ መልክሽ ደህና ነው፣ ስለ በሽታው ትንፍሽ አትበይ አለችኝ። እሺ አልኳት። ያን ዕለት ከብቱ ገባ፤ ቀፎው ግን ዝም አለ። ከማጉረምረሙ ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ። አንተም እንዲሁ ዝም ብለህ ነበር አጠገቤ የተኛኸው።

ነገ ሽማግሌዎቹ ለመልስ ይመጣሉ። የመድኃኒት ብልቃጤን ከምሰሶው ላይ በግልጽ ሰቅዬዋለሁ፤ ከመቀመጣቸው በፊት አሳያቸዋለሁ። መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ። ይህን ስቆርጥ ቀፎው እንደገና አጉረመረመ።

አልረሳህም። ከብት በገባ ቁጥር፣ አንተ ትደበቅባት በነበረችው ሰዓት፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ መድኃኒቴን እውጣለሁ።