ከደቻቱ አሸዋ እስከ ጅቡቲ፦ የግራ ተከላካዩ የአቶ ሩፋኤል እሸቴ አርባ አምስት ዓመታት

አቶ ሩፋኤል እሸቴ ከአባታቸው ከባቡር ጥገና ሠራተኛው ከአቶ እሸቴ ሀይለየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዳነች ጫላቸው በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1972 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ቤተሰቡ አጥብቆ ያሳስባል።

በዚያው ከተማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። ኳስ የጀመሩት ከተማዋን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ በደቻቱ አሸዋ ላይ ሲሆን፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ለአንድ የከተማው ቡድን በግራ ተከላካይነት ተሰለፉ። በአምስት ዓመት ሁለት ጎል አግብተዋል። «አንዱ በራሳችን ላይ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በሐምሌ 1995 ዓ.ም. አንድ የጅቡቲ ቡድን ጠርቷቸው ድንበር ተሻገሩ። የቡድኑ ጸሐፊ የተጫዋችነት ፎርማቸውን ሲሞላ፣ በቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለውን 12/2/1972 እንዳለ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቅጽ ገለበጠው። የመኖሪያ ፈቃዳቸውም ከዚያው ፎርም ተቀዳ። የሃያ ሦስት ዓመቱ ወጣት በወረቀት የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሆኑ። እሳቸውም ፈረንሳይኛ ገና አያነቡም ነበርና ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ በስድስት ቡድኖች ተጫወቱ። አንዱም ከአንድ የውድድር ዘመን በላይ አላስፈረማቸውም። ጥፋት አልተገኘባቸውም፤ ወረቀታቸውን ያየ ሁሉ ጉልበታቸው ሊያልቅ ነው ብሎ ይሰጋ ነበር እንጂ። ጓደኞቻቸው በፈረንሳይኛ «ለ ቪዩ»፣ ሽማግሌው፣ ይሏቸው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ከባቡር ዘመን ጀምሮ በጅቡቲው ካርቲየ ሰባት ሰፈር በንግድ ወደኖሩት ወደ አቶ መሳፍንት ቤት ሽማግሌ ላኩ። አቶ መሳፍንት መኖሪያ ፈቃዱን አይተው «ልጄን ለታናሽ ወንድሜ እኩያ አልሰጥም» አሉ። የአቶ ሩፋኤል አክስት ወይዘሮ እልፍነሽ የክርስትና ማስረጃቸውን ይዘው ከድሬዳዋ መጡ። «አቶ መሳፍንት፣ ይህን ልጅ ያጠብኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። ወረቀቱ ድንበር ላይ ካረጀ ልጁ ምን አጠፋ?» አሏቸው። አቶ መሳፍንት ሳቁ፤ ጥር ላይም ልጃቸውን ወይዘሮ ፀዳልን ዳሩላቸው።

የኳስ ሰዎች ግን አክስት አይሰሙም። በ1999 ዓ.ም. ከኦማን የመጣ የአንድ ቡድን ተወካይ ሁለት ጨዋታ አይቷቸው የሁለት ዓመት ውል አዘጋጀ። ወረቀታቸውን ሲያይ ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። አቶ ሩፋኤል የክርስትና ማስረጃውን ይዘው የቡድናቸውን ኃላፊ አቶ ኡበይድን እንዲመሰክሩላቸው ለመኑ። «ሩፋ፣» አሏቸው ኃላፊው፣ «ተጫዋች ሁሉ ዕድሜዬን ቀንሱልኝ ይላል። አንተ ደግሞ ቄስ አስፈርመህ መጣህ!»

እውነቱ የአጭበርባሪዎችን ውሸት መስሎ ስለተገኘ የሚያምናቸው ጠፋ። ወይዘሮ ፀዳል ነገሩን እንዲተዉት ሲመክሯቸው «ኖሬው ቢሆን አይቆጨኝም ነበር፤ ሳልኖረው ነው የተጻፈብኝ» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ቀን በወደቡ በጭነት ሰነድ ሠራተኛነት እየሠሩ፣ ማታ ልምምድ እየወረዱ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው አምስት ዓመት ተመላለሱ። የልደት ቀናቸው በ2004 ዓ.ም. ታረመ። አርባ ዓመት የሞላቸው ሰው ወደ ሠላሳ ሁለት ተመለሱ።

በዚያው ዓመት አንድ የወደብ ሠራተኞች ቡድን የሁለት ዓመት ውል ሰጣቸው። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር። ጉልበታቸው እየታመመም ሁለቱንም ዓመት አንድ ጨዋታ ሳይቀሩ ጨረሱ። ማንም ሳያሰናብታቸው፣ ራሳቸው «ይበቃኛል» ብለው ጫማ ሰቀሉ።

ከዚያ በኋላ በጅቡቲ ሆዳን በሚባለው ሰፈር ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን እያስተማሩ በወደቡ ሥራቸው ቆዩ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀዳል መሳፍንት፣ ልጆቻቸው ጸደንያና ጥበብ፣ እንዲሁም አክስታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ በሕይወት አሉ።

አቶ ሩፋኤል በዚህ ምድር የኖሩት አርባ አምስት ዓመት ከስድስት ወር ከስምንት ቀን ነው። እዚህ የቆማችሁ ወዳጆች ሁሉ አንድም ቀን ሳትጨምሩበት፣ በወጣትነቱ የተቀጠፈ ሰው እንደምትሸኙ አውቃችሁ አልቅሱለት። ዘመንን የሚሰፍር አምላክ ነፍሱን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።