«የሉም» ከተባሉት ወንዶች አንዱ

ለክቡር ፕሮፌሰር ሙንጋኒያ
የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዝዳንት
ሜሩ፣ ኬንያ

ክቡርነትዎ፣

ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤንነት እየተመኘሁ፣ እኔም ስኳር በሽታዬ እስከፈቀደልኝ ድረስ ደኅና መሆኔን እገልጻለሁ። ስሜ ሙቱማ ኪሪሚ ይባላል፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርና የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ነኝ። ይህን የምዘረዝረው የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴዎ እንደ እኔ ያለ ሰው እንደሌለ በጽሑፍ ስለወሰነ፣ መኖሬን በትሕትና ለማመልከት ነው።

በክሊኒካል ሳይኮሎጂ የተመረቁት ዶክተር ካቱሬ ምባቡ፣ ባልና ሚስት በመኝታ ላይ ስለሚገጥማቸው ችግር በዩኒቨርሲቲዎ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጠኑና ሲያክሙ ኖረዋል። እኔ ስኳር ከያዘኝ በኋላ ባልነቴ ከዳኝ። የፈተና ወረቀት አርማለሁ እያልኩ ሳሎን ማደር ጀመርኩ። ባለቤቴ ጋቼሪ ሌላ ሴት የያዝኩ መስሏት ልብሷን ሸክፋ ወደ እናቷ ልትሄድ ስትል ነው አንዲት ነርስ ወደ ዶክተሯ የላከችን። እሳቸው ሳይስቁም ሳያፍሩም ጠየቁኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ስመልስ ጋቼሪ አለቀሰች።

«እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነው» አለችኝ።

ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ አልልዎትም። ግን ወደ አልጋችን ተመለስኩ፤ ታሪኬንም ያለ ስሜ ለጥናታቸው ሰጠሁ። ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ውለታ ነው።

አንደኛ፣ የዶክተሯን የፕሮፌሰርነት ማመልከቻ ሁለት ጊዜ «የተቋሙን ክብር የማይመጥን ርእስ» ብላችሁ ስለመለሳችሁ እናመሰግናለን። ለክብራችሁ የሚመጥነው የትኛው ሕመም እንደሆነ አስቀድማችሁ ብትነግሩን ኖሮ፣ እሱን ለመታመም እንጥር ነበር።

ሁለተኛ፣ በሦስተኛው ማመልከቻ ላይ «በአካባቢያችን እንዲህ ብሎ የሚናገር ወንድ የለም፤ መረጃው የተፈጠረ ነው» ብላችሁ ስለወሰናችሁ፣ ለወንድነታችን ያላችሁ ግምት ከጠበቅነው በላይ ሆኖብናል። የታካሚዎቻቸውን ስም እንዲያቀርቡ ስታዝዟቸው ምን ብለው እንደመለሱ ጸሐፊያቸው የነበረችው ወይዘሮ ነግራኛለች። «የነገሩኝ እኔን አምነው ነው፤ ማዕረጉን ያዙት» ብለው ወጡ። መጥታችሁ መስክሩልኝ እንኳ አላሉንም። እኔ መሄዳቸውን ያወቅሁት በቀጠሮዬ ቀን በሩን ተቆልፎ ሳገኘው ነው።

ሦስተኛ፣ እሳቸው ያክሙበት የነበረውን ክፍል የምረቃ ጋዋን ማስቀመጫ ስላደረጋችሁት ባለ ውለታዎቻችን ናችሁ። ጋዋን አያለቅስም፤ ምስጢርም የለውም።

ዶክተር ካቱሬ ዛሬ ናይሮቢ አንድ ባንክ ውስጥ ሠራተኞችን ስለ ደንበኛ አቀባበል ያሠለጥናሉ። ደውዬ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው ከለከሉኝ።

«መምህር፣ ተማሪዎችዎ ያነቡታል እኮ» አሉኝ።

እኔም አላጣሁትም። ወደ ሰሌዳው ዞር ስል ከጀርባዬ የሚሳቀው ከአሁኑ ይሰማኛል፤ የመዘምራኑንም መሪነት ወንድሞች ጸሎት አድርገው ይረከቡኛል። ስለዚህ ብዙ አመነታሁ፤ ወረቀቱንም ደጋግሜ ቀደድኩት። አንድ ጠዋት ጋቼሪ ሻይ እየቀዳችልኝ፣ ቀና ሳትል፣ «ዶክተሯ ለእኛ ስም ስትል የራሷን አጣች። ጻፈው፤ የእኔንም ስም ከታች አድርገው» አለችኝ።

የውሳኔውን መሻር አልለምንም፤ ዶክተሯ አይመለሱም፣ ጠይቄአቸዋለሁ። የምለምነው ከስማቸው አጠገብ የተጻፈው «የተፈጠረ» የሚለው ቃል እንዲሰረዝ ብቻ ነው። ማረጋገጥ ለምትፈልጉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እገኛለሁ።

በኮሚቴዎ አስተያየት በአካባቢያችን ከማይገኝ ወንድ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣

ሙቱማ ኪሪሚ፣ ባል
ጋቼሪ ሙቱማ፣ ሚስት

ማስታወሻ፦ ጋቼሪ አንድ ጥያቄ እንዳክል አዛኛለች። ከዘጠኙ የኮሚቴ አባላት መካከል፣ ከመፈረሙ በፊት ሚስቱን የጠየቀ አለ ወይ? መልሱን ለእኛ መላክ አያስፈልግም፤ እቤታችሁ ብትመልሱት ይበቃል።