ይቅደሙ እየተባባልን

ጅማ፣ ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ቪየና ላለሽው ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለሊያ፣

እንዴት ከረምሽ? እናትሽ ሙሉእመቤት የሰርግሽን ወሬ ስታወራ ድምፅዋ ከመዘጋቱ በቀር ደኅና ነን።

ደብዳቤሽን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ «አባዬ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምትመርቀን መናፈሻው ውስጥ ሰው በክፍሎቹ ጭኖ የሚዞረው ትልቁ መንኮራኩር ላይ ተሳፍረን ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ግን መነጽሬን አወለቅኩ። ሰው ሰማይ ለሰማይ በሚዞር ብረት ውስጥ ሆኖ ይመርቃል? ወዲያው «ቡና ለቀማ ላይ ስለሆንኩ መምጣት አልችልም» ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር አነሣሁ። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ ታነብ ኖሯል።

«ሰርጉ እኮ በጥር ነው፤ ያኔ ለቀማው አልቋል» አለች።

«የተሰጣውንስ ማን ይጠብቃል?»

«ለጢፋ አለችልን። ጎረቤት ለመቼ ነው?»

ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ሳላጣራ አልሳፈርም አልኩና ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚያስተምረው የእህቴ ልጅ ዳግማዊ ዘንድ ሄጄ ኢንተርኔት አስከፈትኩ። የመጀመሪያውን ፌሪስ የሚባል መሐንዲስ በፈረንጆች 1893 ቺካጎ ላይ አቆመው። ፓሪስ በኤፍል ግንቧ ስትኮራ አሜሪካኖች ቀንተው ነው። መጨረሻው ምን ሆነ? በድማሚት አፈረሱት። የለንደኑ ሰው እንደጫነ ቀጥ ብሎ ተሳፋሪው እላይ አደረ። የፓሪሱ ተነቃቀለና ጦርነት ቤታቸውን ያፈረሰባቸው ሰዎች በክፍሎቹ ውስጥ ኖሩ። ያንቺው የቪየናውም በጦርነት ተቃጥሎ ሲጠገን ከክፍሎቹ ግማሹን ብቻ መለሱ። ለምን ግማሹን? የሲንጋፖሩንማ ቁመቱን ሳነብ ዝጋው አልኩ።

«ጋሼ፣ የቪየናው እኮ ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ሲያዞር የኖረ ነው» አለኝ ዳግማዊ።

«እኔንም የሚያሳስበኝ እርጅናው ነው» አልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጅማ መርካቶ አጠገብ ባዛር ተከፍቶ በጄኔሬተር የሚዞር ትንሽ መንኮራኩር ተተከለ። እናትሽ «ለልምምድ ውጣ» ብላ እየገፋች አሳፈረችኝ። አጠገቤ የተቀመጡት አቶ ቱሉ ነበሩ፣ የሰቃ ከተማው ቡና ነጋዴ። የመጀመሪያውን ዙር ዓይኔን ጨፍኜ ዞርኩ፤ ነፋሱ አስቸግሮኝ ነው።

ታች ስንደርስ ያዘግማል እንጂ ፈጽሞ አይቆምም፤ መውረጃውም ጠባብ ነው።

«ይውረዱ» አልኳቸው።

«ማሎ፣ እባክዎ፣ እርስዎ እያሉ? ይቅደሙ።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

ይህን ስንባባል ወንበሩ ይዞን ወጣ። ተመልሰን ስንወርድም ያው ሆነ። ባለመንኮራኩሩ «አባቶቼ፣ አንዳችሁ ውረዱልኝ» እያለ ይለምናል። ግን እንግዳ ሰው ወንበር ላይ ጥሎ የሚወርድ ምን ዓይነት ባለጌ ነው? ገበያተኛው ሸቀጡን ትቶ ከበበን። ለካስ በክርክሩ መሀል ዓይኔን ገልጬ ኖሯል። የሰቃ መንገድ ይታያል፣ የቤታችንም ቆርቆሮ። እናትሽ ታች ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ አየኋት፤ ትንሽ ሆና። አንቺም በሄድሽ ዕለት ከአውሮፕላኑ እንዲህ አይተሽን ይሆን ብዬ አሰብኩ። በጣም ናፍቀሽኛል፣ ልጄ።

በመጨረሻ እላይ ሳለን ከአቶ ቱሉ ጋር ተስማማን፤ ተያይዘን እኩል ወረድን። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ሰኞ ለፓስፖርት ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶ አንሺው «አባባ፣ ዓይንዎን ይግለጡ» እያለ ደጋግሞ አነሳኝ። ለሙሽራሽ ለዮኤልም ንገሪው፣ ምርቃቴ ረጅም ስለሆነ አንድ ዙር አይበቃኝም። አደራ የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ ታች ስንደርስ ማንም ይቅደሙ እንዳይለኝ። እጄን ያዥኝና እኩል እንውረድ።

አምላክ ከፍ ካደረገሽ ቦታ አያውርድሽ። ምርቃቱ ሲያልቅ ግን ሁላችንንም በሰላም ያውርደን።

አባትሽ ደምመላሽ