ደምሴ ፎቶ የተነሳበት ሳምንት

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ባሌ ደምሴ አልወጣም ብሏል። ልጄን ጓዳ ውስጥ እመርቃታለሁ፣ እንግዳ ፊት ግን አልቀመጥም፣ አለቀ። ይህን ያለኝ ምሳ ላይ ነው፤ በዚያ በሚጎተት አነጋገሩ፣ ግማሹን በእጁ እየጨረሰ። ሰርጉ እሁድ ነው።

ልጃችን ብርቱካን ሰማች። ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች። ተከትያት ማጀት ስገባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጥባለች። «አባዬ ካልተቀመጠ የማንን ጉልበት ስሜ ነው ከዚህ ቤት የምወጣው?» አለችኝ።

የሚፈራውን አውቃለሁ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ ጉንጩ ወርዷል፣ አፉም ወደ አንድ ወገን ሄዷል። በጥር የታላቅ እህቱ የእትዬ አስካለ ልጅ ስታገባ ፎቶ አንሺ አልተያዘም ነበር። ስልክ ያለው ሁሉ ያነሳል። አንዱ ደምሴን ሲበላ፣ ወጡ በአገጩ ሲወርድ ቀርጾ በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። በክፋት አይመስለኝም። ግን ከኋላ የሚስቅ ድምፅ ይሰማል። ደምሴ ሁለቴ አየው። ከዚያ ወዲህ ከግቢያችን የወጣው ለሐኪም ብቻ ነው።

ፎቶ አንሺ ይያዝ ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ሰው፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ የሚያነሳውንና የማያነሳውን የምንነግረው። ለብርቱካንም የፊትና የጸጉር ባለሙያ። ሁሉም ገርሟቸው አዩኝ። እኔ ፊደል የለቀምኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ሰው ፊት መናገር ግን ከየትም አልተማርኩም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

እትዬ አስካለ ጠዋት ከነጭቃ ጫማቸው ገቡ።

«ለቀለምና ለፎቶ የአንድ በሬ ዋጋ ልታወጪ ነው አሉ።»

«አዎ እትዬ።»

«ታዲያ ሰዉ ፎቶ ሊበላ ነው የሚመጣው?»

ብርቱካን ሳቀች። እኔም ከንፈሬን ነከስኩ። እትዬ ግን ቀጠሉ። የእኔ ልጅ በስልክ ተነስታ አላገባችም ወይ? ጎረቤት ቀብቷት አላማረችም ወይ?

አላማረችም። ለእሳቸው አልልም፣ እዚህ ግን እጽፈዋለሁ። ፊቷ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነጥቶ፣ አንገቷ ጠይም እንደሆነ ቀርቶ፣ የሙሽራው አያት እሷን አልፈው ሚዜዋን አቅፈው ሳሙ። ፎቶው ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ሰማያዊ ነው። የእድራችን ድንኳን ሸራ ሰማያዊ ስለሆነ፣ ፀሐይ ስታርፍበት ከሥሩ ያለውን ሁሉ ቀለሙን ይሰጠዋል። ቄሱ ሰማያዊ፣ ድፎው ሰማያዊ። ልጅቷ እስከ ዛሬ አንዱንም አሳጥባ አልሰቀለችም።

ያልኩት ይህን ነው፤ «እትዬ፣ ሁለት በሬ ታረደ ሦስት ታረደ ብሎ የሚያስታውስ የለም። የደምሴን አፍ ግን እስከ ዛሬ ያወሩታል።»

ከጓዳ የደምሴ ድምፅ መጣ፤ «ሁለት በሬ ይበቃል። እኔን ግን እንዳያነሳኝ።»

ግማሹን አሸነፍኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ብርቱካንን ይዤ ሰላም ጸጉር ቤት ሄድን፣ ለሙከራ። ሰላም ልጅ እግር ናት፣ እጇ ግን አይቸኩልም። መጀመሪያ ወንበሩን ከመብራቱ ሥር አንስታ በሩ ላይ አደረገችው። ቀለሙን ጉንጯ ላይ ሳይሆን አገጯና አንገቷ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሞከረች። አንዱ አመድ መሰለ፣ ጠረገችው። አንዱ ቀላ፣ ጠረገችው። ሦስተኛው ጠፋ። የት እንደቀባች ብፈልግ አጣሁት። «ይሄ ነው የእሷ» አለች።

ጸጉሯን ብርቱካን እንዲተኮስላት ነበር የፈለገችው። ሰላም በዚህ የመቱ እርጥበት ቤተክርስቲያን ሳትደርስ ተነፍቶ ዘውዱን ይገፋዋል አለች። ቀጭን ሹሩባ ሠርታ ወደ ኋላ ጠቀለለችው።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር። ሽንኩርትና ቢላዋ አምጥታ «በይ ክተፊ» አለቻት።

«ከነሜካፑ?»

«ከነሜካፑ። የእኛ አገር ሙሽራ በዝናብም በእንባም ትበሰብሳለች። ዛሬ የሚፈስ ከሆነ ዛሬ ልየው።»

ብርቱካን እየከተፈች አለቀሰች፣ እየሳቀችም አለቀሰች። አልፈሰሰም። መስታወት ስትሰጣት ፊቷን ወዲህና ወዲያ አዙራ አየች። «እኔው ነኝ እኮ» አለች። የፈራችው ሌላ ሰው እንዳትሆን ነበር ለካ።

ሽንኩርቱን ሰላም ለምሳዋ አስቀረችው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ፎቶ አንሺው ሸምሱ መጣ። አባቱ ከስልጤ መጥተው መናኸሪያው ጋ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱ እዚሁ የተወለደ። ካሜራ አልያዘም። ደምሴ ድምፁን ሲሰማ የጓዳውን በር ዘጋ። አፈርኩ።

ሸምሱ ምንም አልመሰለውም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ግቢውን ሲያይ ቆየና በተዘጋው በር በኩል፣ «ጋሼ፣ ይቺ ቤት ከሰዓት ብርሃን በየት በኩል ነው የምታገኘው?» አለ።

ኋላ የከዘራው ድምፅ ተሰማ። ይህን ቤት ደምሴ ራሱ ነው የሠራው፤ ስለ ቤቱ ተጠይቆ ዝም ማለት አይችልም። ወጣ። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ። ፀሐይ ከአቮካዶው ዛፍ በላይ ትመጣለች፣ አለ በእጁ እያሳየ፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ትወድቃለች። ስለ ቤቱ ብዙ አወሩ። ሸምሱ ቃሉን ሲጎትት አላቋረጠውም፣ ቀድሞም አልጨረሰለትም። እኛ ሁልጊዜ እንጨርስለታለን።

ሊሄድ ሲል ነው ያለው። «እሁድ እኔ ሙሽራዋን ነው የማነሳው። እርስዎን ሳይፈቅዱ አላነሳም። ከፈቀዱ ባርኔጣዎን ያውልቁ፣ ይገባኛል። ካላወለቁ ካሜራዬ እርስዎ ጋ አይደርስም።»

ደምሴ፣ «ስልኩስ?» አለ።

«ምርቃቱ ሲሆን ስልክ ይሰበሰባል። ሌላም ቦታ አስደርጌዋለሁ። ግን የሚሰበስበው ሰው የሚፈራ መሆን አለበት።»

ሸምሱ እኔን አየኝ። እኔን የሚፈራ የለም። ማን እንደሚፈራ ግን ወዲያው መጣልኝ።

አርብ፣ ግንቦት 8

የዛሬ ጭንቀቴ፤ ዝናቡ። ጠጁ ገና ነው። የሙሽራው የገመቹ ጓደኞች ነገ ሶር ፏፏቴ ሄደን እንነሳ ይላሉ፣ መንገዱ ጭቃ ነው። (ሸምሱ ከሰርጉ በኋላ ጸጥ ብላችሁ ትሄዳላችሁ አላቸው፣ ተገላገልኩ።) የገመቹ ቤተሰብ ከሁሩሙ በስንት ሚኒባስ እንደሚመጣ አልታወቀም። ደምሴ አልወጣምም እወጣለሁም አይልም።

እትዬ አስካለ ቤት ሄጄ ለመንኳቸው።

«እኔን የስልክ ዘበኛ ልታደርጊኝ?»

«ለእርስዎ ካልሆነ ስልኩን የሚሰጥ የለም እትዬ።»

ቡናቸውን ጠጡ፣ ሲኒውን አስቀመጡ። «የማዘጋጃ ቤቱንም ሰውዬ ስልክ?»

«የሁሉንም።»

«የሁሩሙዎቹንስ? ቢቆጡ?»

«ገመቹ ይነግራቸዋል፣ ተስማምቷል።»

«ቅርጫቱን ከቤቴ አመጣለሁ» አሉ። ያ የአንቺ ቅርጫት አይመጥንም ማለታቸው ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

እድሩ ድንኳኑን ተከለ። ያው ሰማያዊው ነው፣ ደግሞ እስከ በረንዳው ጫፍ ስበውታል። ሸምሱ መጥቶ ሲያይ ራሱን ያዘ። ልጆቹ ገመዱን ፈትተው ወደ ግቢው መሀል እንዲመልሱት ለመንኩ። ሽማግሌዎቹ ዝናብ ቢመጣስ አሉኝ። በረንዳው ቆርቆሮ አለው አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ መሰለኝ፣ ሁሉም ዞረው አዩኝ። መለሱት።

ደምሴ በመስኮት ያይ ነበር።

እሁድ፣ ግንቦት 10

ወጣ። እግሬ አብጧል፣ መጻፍ አልችልም። ወጣ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

አሁን በደንብ ልጻፈው።

ሰላም በማለዳ መጣች። ብርቱካንን ከማስቀመጧ በፊት ደምሴን አየችው። በግራ እጁ ስለሚላጭ ጺሙ በአንድ በኩል ቀርቷል። ምንም ሳትጠይቅ «ጋሼ፣ ውኃው ሳይበርድ እርስዎን ላስቀድም» ብላ ፎጣ አንገቱ ላይ አደረገች። ሁለቱንም ጎን አስተካከለችው፣ ፊቱን ትንሽ ቅባት ነካ አደረገችው። «እኔም ልዳር ነው?» አለ። ከታመመ ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ነው። ማጀት ገብቼ ትንሽ ቆምኩ።

እትዬ አስካለ ቅርጫታቸውን ይዘው ደረሱ። ብርቱካን ስትሠራ አጠገቧ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ሰላምን በጆሮዋ፣ «ለእኔም ትንሽ። እንዳይታወቅ ብቻ» አሏት። ሰላም ሠራቻቸው። አልታወቀም፣ ግን አሥር ዓመት ወርዶላቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ ማንም ሳይጠይቃቸው «ዛሬ ደህና ተኝቼ ነው ያደርኩት» ይሉ ነበር።

የገመቹ ወገኖች ከሰዓት ደረሱ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ እየዘፈኑ። ልክ ሲገቡ ዝናቡ ወረደ። የእኛ አገር ዝናብ እንዴት እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም። ሰዉ ሁሉ ወደ በረንዳው ተጠጋ። እትዬ አስካለ ቅርጫቱን ዘርግተው ዞሩ፤ «ስልክ። አንተም። አንቺ፣ ጡትሽ ሥር የከተትሽውን አይቻለሁ።» የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ለስብሰባ ሊደወልልኝ ይችላል ቢሏቸው፣ «እኔ አነሳልዎታለሁ» አሉ። ሰጡ።

ደምሴ ከጓዳ ወጣ። ከዘራውን ይዞ፣ ባርኔጣው እንደዚያው ወርዶ። መንገድ ለቀቁለት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ብርቱካን በቬሎዋ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። ሸምሱ ጥግ ላይ ቆሟል፣ ካሜራው ወደ መሬት ነው። እኔ አንዴ ሸምሱን፣ አንዴ ደምሴን አያለሁ።

ደምሴ ዙሪያውን አየ። ማንም እጁ ላይ ምንም የለም። ሁሉም የሚያዩት በዓይናቸው ነው። ባርኔጣውን አወለቀ። አውልቆም ለእኔ አቀበለኝ።

ሸምሱ ካሜራውን አነሳ።

ከዚያ ደምሴ መረቃት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገቡ የቆምኩት እኔ እንኳ አልሰማሁም። ያ የሚጎተተው አነጋገሩ፣ ሰው እንዳይሰማው የሚያፍርበት፣ ከብርቱካን ጆሮ በቀር የትም አልደረሰም። ቸኩሎ አልጨረሰም፣ የፈለገውን ያህል ተናገረ። መሀል ላይ ምን እንዳላት እንጃ፣ ከእንባዋ መሀል ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ በዚያው አፉ፣ ሰው ሁሉ እያየው። የገመቹ እናት «በሬዱ ኮ፣ በሬዱ ኮ» እያሉ ብርቱካንን አቅፈው አነሷት፣ ቆንጆዬ፣ ቆንጆዬ ማለታቸው ነው። ማንን ማቀፍ እንዳለባቸው አልተሳሳቱም። እንባዋ ወርዶ፣ ፍንጣቂው መቷት፣ ፊቷ ያው የራሷ ፊት ነበር።

ሥጋው? በቃ። ተርፎም ለእድሩ ልጆች ሰጠን።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ሸምሱ ናሙና ብሎ ጥቂት ፎቶ አሳጥቦ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸው። ማንም ሰማያዊ የለም። ሁሉን አንድ በአንድ አየሁ፤ የገመቹ አባት ጭቃ የነካው ካልሲ፣ የብርቱካን ጣቶች አባቷ ጉልበት ላይ፣ እትዬ አስካለ ቅርጫቱን እንደ ዘውድ ይዘው። እኔም አለሁ፣ ባርኔጣ ይዤ ቆሜ። እንደዚያ ቀና ብዬ የምቆም አይመስለኝም ነበር።

አሁን ማንም ቢጠይቀኝ ባለሙያ መያዝ ያዋጣል እላለሁ። ሸምሱ ከማንሳቱ በፊት የደምሴን ፈቃድ ጠብቋል፣ ሰላም ልጄን ልጄን እንደመሰለች አኑራታለች። ይህን ስልክ ይዞ የመጣ የአጎት ልጅ አይሠራውም፣ ቢወደንም።

የደምሴ ፎቶዎች ሁለት ናቸው። አንዱ በግራ ጎኑ ነው፣ ድሮ እንደነበረው፣ ሕመሙ የማይታይበት። እትዬ አስካለ አንስተው «ወንድሜ ይሄ ነው፣ ይሄ ይሰቀል» አሉ። ሁለተኛው ፊት ለፊት ነው። ብርቱካን ከሥሩ፣ ሁለቱም ሲስቁ፣ አፉ እንደሆነው ሆኖ።

ደምሴ ሁለቱንም አየ። ጣቱን ሁለተኛው ላይ አደረገ። «ትልቁ ይሄ ይሁን» አለ። እትዬ ሊናገሩ ሲሉ «ይሄ» አለ እንደገና።

ሸምሱ ከሄደ በኋላ ናሙናውን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ሲከት አየሁት። ወዴት ነው ስለው፣ ነገ ሁሩሙ፣ ለብርቱካን አለ። ራሴ እወስድላታለሁ። ሚኒባሱ ይጠብባል አልኩት። መውጫው ከፍ ይላል፣ እግርህ። መናኸሪያው ሰው ይበዛል፣ ያዩሃል።

«ይዩኛ» አለ።

ጃኬቱን ተኩሼ ወንበሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሚኒባሱን እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም፤ እኔ ከኋላ እደግፈዋለሁ፣ ረዳቱ ከላይ ይስበዋል። አሁን ይዘንባል። እስከ ጠዋት ላያባራ ይችላል። እሱ ግን የሚቀር አይመስለኝም።