በተራራው ምልክት ያነሳኋት ስምረት

ለእህቴ ለእትዬ ማዘንጊያ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃ መውጣቱ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ልጅሽን ኑሀሚንን ተደግፈሽ ነው? ስዊድን ውስጥ ፀሐይ ገና በከሰዓት ትገባለች ማለትሽን ስሰማ፣ ከድሬ ፀሐይ ግማሹን ቆርሼ ብልክልሽ ደስ ባለኝ። እዚህማ ጥቅምት ገብቶም ሙቀቱ አልለቀቀንም። እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ እመለሳለሁ፤ የቀረውን ቀን ያለ ሚስት መዋልን እየተማርኩ ነው።

በዚህ ወር የስምረትን ልብስ ለነዳያን ልሰጥ ሳጥኗን ከፈትኩ። ካረፈች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። ከነጠላዋ ሥር ያቺ ኪስ ውስጥ የምትገባ የፊልም ካሜራችን ተጠቅልላ ተገኘች። ቁጥሯ ሃያ አንድ ላይ ቆሟል፤ ውስጧ ያላለቀ ባለ ሠላሳ ስድስት ፊልም አለ ማለት ነው።

ይዤያት ታይዋን ገበያ ዐብዲቃድር ዘንድ ሄድኩ። ድሮ ፎቶ ቤት ነበረው፣ ዛሬ ስልክ ይጠግናል። ገለባብጦ አያትና ወላሂ ይቺ አልሞተችም አለ። ከዚያ ሌንሷ ዙሪያ ያሉትን ምልክቶች አሳየኝ፤ አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው፣ ብዙ ሰው፣ ተራራ። ይቺ ካሜራ ርቀት አትለካም፣ የምትለካላት አንተ ነህ አለኝ። አንዱ ሰው አንድ ሜትር ነው፣ ሁለቱ ሁለት ሜትር ያህል፣ ብዙው ሦስት አራት፣ ተራራው ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ።

እትዬ፣ ክው አልኩ። እኔ እኮ ምልክቶቹ የቆምንበትን ቦታ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር! ቁልቢ ገብርኤል በወጣን ቁጥር፣ ቁልቢ ተራራ ነው ብዬ ተራራው ላይ አዞርና ስምረትን እዚሁ አፍንጫዬ ሥር አቁሜ አነሳታለሁ። ስንት ዓመት! አልበሙን ገልጬ አየሁ። ከኋላዋ ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ይቆጠራል፤ የእሷ ፊት ግን ጉም ነው። የምቆጣውም እሷን ነበር፤ ተነቃነቅሽ እያልኩ። ምስኪን ትንፋሿን ይዛ እንደ ችካል ትቆምልኝ ነበር።

ይህን ስነግረው ዐብዲቃድር ሳቀብኝ። አቦ ተሰማ፣ ሠላሳ ዓመት ሐዲድ ስትጠግን ኖረህ ሜትር ጠፋህ? አለኝ። እውነቱን ነው። የአሮጌው ባቡር ሐዲድ ከብረት እስከ ብረት ልክ አንድ ሜትር ነው፤ ጣት ታህል ቢሰፋ ዓይኔ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ እንደ ሕፃን ሆኛለሁ። መንገድ ላይ ያየሁትን ሁሉ በሐዲድ እለካለሁ፤ እስከ ባጃጁ ሦስት ሐዲድ፣ የደቻቱ ድልድይ ግን ተራራ። ሌላም ነገር ተማርኩ። በኃይለኛ ፀሐይ የካሜራዋ ቀዳዳ ይጠባል፤ ሲጠብ ከፊትም ከኋላም ያለው አብሮ ይጠራል። ስለዚህ በቀን ብዙ ሰው ላይ ትተሃት ብትሄድ ያየኸውን ሳትዘገይ ትይዛለህ፣ ትንሽ ብትስትም ትምርሃለች አለኝ። ቅርብ ላይ ግን አትምርም አለ። ይቺ ነገር ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ።

የቀሩትን አሥራ አምስት በአሥር ቀን ጨረስኳቸው። ጎረቤቴን ዚነትን በሯ ላይ በሁለት ሐዲድ አነሳኋት። ልትገተር ስትል ኧረ ሳቂ፣ ተነቃነቂ አልኳት።

የልቤ ግን በፊተኞቹ ሃያ አንድ ውስጥ ነው። የመጨረሻው የቁልቢ ጉዟችን እዚያ አለ። ያን ቀን ስምረት ካሜራዋን ከእጄ ወሰደች፣ ምልክቱን ራሷ አዞረች፣ አጠገባችን ለነበረች ለማናውቃት ሴት ሰጠችና መጥታ ጎኔ ቆመች። እኔ እያለሁ ለምን ለባዳ ትሰጣለች ብዬ አኮረፍኩ፤ እስከ ድሬ አላናገርኳትም። ካሜራዋንም ዳግም አልነካሁም። ታውቅ ነበር ማለት ነው? ካወቀችስ ለምን አልነገረችኝም? ላታሳፍረኝ ይሆን፣ ወይስ ነግራኝ አልሰማኋትም? ፊተኛው ይሻለኛል፤ ሁለተኛው ግን እኔን ይመስላል።

ጥርት ያለ ፎቶዋ የመታወቂያዋ ብቻ ነው፤ እሱም የደነገጠች ሴት እንጂ ስምረት አይደለም። ስትታመም ደግሞ እንዲህ ሆኜ በስልክ አታንሱኝ አለች። እዚህ ፊልም የሚያጥብልኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ልጇን ልትጠይቅ ወደ እናንተ አገር የምትመጣው ዚነት ፊልሙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታደርስልሻለች። እዚያ አሳጥቢልኝ። ዐብዲቃድር ሙቀት አበላሽቶት ይሆናል ብሎኛል። ባዶ ከወጣ ባዶ ነው በይኝ፤ ልታጽናኚኝ ብለሽ እንዳትደብቂኝ።

ኑሀሚንን የእናቴን ልጅ ስለምትንከባከብልኝ አመስግኚልኝ። ባሏን ጢሞቴዎስን በወንድም ሰላምታ ሰላም በይልኝ። ትንሿን ልጃቸውን ሃሌሉያን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አማርኛዋን እንዳትረሳ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስምረት ስትስቅ አንድ ጉንጯ ስርጉድ ይል ነበር። ግራው ነው ቀኙ? ስንት ቀን ባስብ አልመጣ አለኝ፤ ለሰው ለመጠየቅም አፈርኩ። ፊልሙን ለአጣቢው ከመስጠትሽ በፊት የምታስታውሺውን ጻፊልኝ። ፎቶው ወጣም አልወጣም፣ መጀመሪያ ካንቺ ልስማው።

ወንድምሽ ተሰማ
ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.