እማዬ ገመዱን አልፋ ተቀመጠች

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 28፣ 2012

ወንድሜን አቤልን ባሕር ከወሰደው ወዲህ እማዬ ብቻዬን የትም አትለቀኝም። ዛሬ ክፍላችን የባሕር ዳሩን የአሸዋ ክምር ሊጠግን ሲሄድ፣ አንድ ቀን እንኳ ብቻዬን እውላለሁ ብዬ ነበር። ከሲያትል ድረስ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ በመኪናዋ ተከትላ መጣች።

ሥራው ቀላል ነው። ጎብኚ የረጋገጠውን ቦታ በገመድ እናጥራለን፣ ደረቅ ቅርንጫፍ እንጥልበታለን፤ ከዚያ አሸዋውን ነፋሱ ራሱ ይመልሰዋል። ቀና ስል እማዬ በጥቁር ልብሷ ገመዱን አልፋ፣ ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ ተቀምጣለች።

"እዚያ መቀመጥ አይቻልም በላት" አለኝ መምህሩ።

ሐዘንተኛን ከተቀመጠችበት ተነሺ እንዴት ይባላል? አጠገቧ ሄጄ፣ "እማ፣ ቦታው የሚያገግመው ሰው ካልረገጠው ነው" አልኳት።

"እስከ መቼ?"

"ሁለት ሦስት ዓመት።"

"አየህ" አለች እጄን ይዛ። "አሸዋ እንኳ ይታጠርለታል። እኔ ልጄን ስጠብቅ ግን አበዛችው ትሉኛላችሁ። በል ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ጓደኞቼ ከገመዱ ውጭ እየተሳሳቁ ቅርንጫፍ ይጎትታሉ። መምህሩ መጥቶ ሁለታችንንም ተነሡ ቢለን ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አየንና ፊቱን አዞረ።